ያለ ካቴና የወረድኩት ቁልቁለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በበጋ፣ ኪርጊዝስታን በምትባል የእስያ አገር ተራራ ላይ ነው። ወደምኖርባት የእስራኤል ከተማ፣ ወደ ፔታህ ቲክቫ፣ ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል። ሰጉላ በሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር በምሠራበት ፋብሪካ ያሉት ሴቶች ግን ዛሬም በእረፍት ሰዓት ይይዙኝና "እስቲ ያንን ቁልቁለት ድገሚልን" ይሉኛል። እኔም ደግሜ ባወራው አይሰለቸኝም። እስቲ አንዴ ሙሉውን ልጻፈው ብዬ ነው።

ከጎንደር በልጅነቴ ከወላጆቼ ጋር መጥቼ ያደግሁት እዚያው ፔታህ ቲክቫ፣ ሻአሪያ ሰፈር ነው። ብስክሌት መንዳት የተማርኩት ግን አርባ ካለፈኝ በኋላ ነው። የጠዋት ፈረቃ ሲደርሰኝ አውቶቡስ መጠበቅ ቢያስመርረኝ ልጄ አቪታል አሮጌ ብስክሌቷን ሰጠችኝ። መጀመሪያ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ። ከዚያ ለመድኩት። ከዚያም ጭራሽ ወደድኩት። ዓርብ ዓርብ ያለ ምንም ጉዳይ እስከ ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር እየነዳሁ መመለስ ጀመርኩ።

አቪታል ወታደርነቷን ጨርሳ ከጻቫ እንደወጣች፣ ከጓደኛዋ ጋር እስያን በብስክሌት ለመጓዝ ተነሳች። ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ጓደኛዋ እግሯ ተሰብሮ ቀረች። ልጄ ሳሎን ቁጭ ብላ ስታለቅስ ሳያት፣ "እኔ ብመጣስ?" አልኳት። እውነቱን ለመናገር ለማጽናናት ያህል ነበር።

እንባዋን ጠርጋ ትኩር ብላ አየችኝ። "ኢማ፣ አት ረጺኒት?" አለች፤ እማዬ፣ የምርሽን ነው? ማለቷ ነው። አቪታል አማርኛ በደንብ ይገባታል፤ የምትመልስልኝ ግን ሁልጊዜ በዕብራይስጥ ነው።

"የምሬን ነው" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

"ያላ!" ብላ፣ በቃ እንሂድ ማለቷ ነው፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ባለቤቴ ሲሰማ፣ "እኛ ከተራራ አገር የመጣን ሰዎች ነን፤ አንቺ ደግሞ ምን ጠፍቶብሽ ነው ተራራ ፍለጋ የምትሄጂው?" ብሎ ሳቀብኝ። ጠንክሬ ስለማመድ ሲያይ ግን ሳቁን ተወና ወፍራም የእንቅልፍ ከረጢት ገዝቶልኝ መጣ።

ከቢሽኬክ ከተማ ተነስተን ወደ ደቡብ፣ ወደ ኦሽ ጉዞ ጀመርን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። መቀመጫዬ ቆስሎ በደንብ መቀመጥ አቃተኝ። አቪታል ዳገቱን ቀድማ ትወጣና ጫፍ ላይ ትጠብቀኛለች። ስደርስ ውሃ ታቀብለኛለች።

ከሁሉም የከፋው ተራራ ላይ የደረስነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ ኮረኮንች ነው። አቪታል ቀድማ እንድትሻገርና ከተራራው ማዶ ወንዙ ዳር እንድትጠብቀኝ ተስማማን። ድንኳኑና የብርዱ ልብስ ቀላል ስለሆነ እኔ ጋ ነበር። ከባዱን፣ መጠገኛ መሣሪያውንና ምግቡን የያዘችው እሷ ናት።

ከሄደች ብዙም ሳይቆይ ዳገቱ መሀል ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። ዝቅ ብዬ ሳይ ካቴናው ተበጥሶ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሰማዩም እሱን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል ያን ጊዜውኑ ጠቆረ። መጀመሪያ በረዶ ጠጠር እየሆነ ወረደ፤ ቀጥሎ እንደ ጥጥ ያለው መጣ። በነሐሴ፣ በዚያ አገር በበጋው መሀል! ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም።

በዚህ መሀል ከላይ በኩል አንድ በግ የጫነ መኪና እየተንገጫገጨ ወረደና አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ቋንቋ አንግባባም። የአቪታልን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየኋቸው። ፎቶው ላይ ቢጫ ሄልሜቷን አድርጋ ከነብስክሌቷ ቆማለች። ሰውየው ብስክሌቱን በጣታቸው ነክተው ወደ ማዶ አመለከቱ። ከዚያ መዳፋቸውን መንገዱ ላይ እንደተኛ ነገር አጋደሙት። ፎቶው ላይ ልጄን ነካሁና "እሷስ?" አልኩ በአማርኛ። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ብስክሌቱ መንገድ ዳር ወድቋል፣ ሰው ግን የለም ማለታቸው ነው።

"መልሰው ይውሰዱኝ" ብዬ በእጄ ለመንኳቸው። መንገዱን አሳዩኝ፤ ጠባብ ነው፣ በዚያ በረዶ ላይ መኪና አይዞርም። እሳቸው ደግሞ "ነይ ግቢ፣ ወደ ታች ላውርድሽ" በሚል ምልክት በሩን ከፈቱልኝ። የመኪናው ሙቀት ፊቴን ሲነካኝ አልረሳውም።

"ልጄ ማዶ ናት" አልኳቸው። ቃሉ ባይገባቸውም ነገሩ ገባቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን የቆዳ ጓንት አውልቀው ሰጡኝ።

ብስክሌቱን መግፋት ጀመርኩ። እየገፋሁ አለቀስኩ፣ እየገፋሁ ጸለይኩ። ትንሽ ስሄድ ትንፋሼ ይቆማል፤ መሪው ላይ ተደፍቼ አርፍና ደግሞ እገፋለሁ። "ምን ሆና ይሆን?" የሚለውን ሐሳብ ከራሴ ማውጣት አልቻልኩም። በመጨረሻ ድንገት ከፊቴ የሚወጣ ዳገት ጠፋ። ጫፉ ላይ ቆሜያለሁ። መንገዱ ከእግሬ ሥር ጀምሮ እየተጠማዘዘ ወደ ታች፣ ወደ አረንጓዴ ሸለቆ ይወርዳል።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለመውረድ እኮ ካቴና አያስፈልግም! ፍሬን ብቻ ይበቃል።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቁልቁለት ነድቼ አላውቅም። ጓንቱን አጠለቅሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ፍሬኑን ላላ አደረግሁ። ብስክሌቱ ተንደረደረ። ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ገፋው። አንዱን ኩርባ አለፍኩ፤ ሁለተኛውን አለፍኩ። እጄ ዛለ፣ ፍሬኑ እየጮኸ ነው። "አቪታል! አቪታል!" እያልኩ እኔም እጮሃለሁ።

አንዱን ኩርባ እንደታጠፍኩ ከፊቴ ፈረስ መጣ። ሁለት ሰው ተቀምጦበታል፤ ከፊት የአገሩ ሴት፣ ከኋላ ደግሞ ትልቅ የእረኛ ካፖርት የዋጠው ሰው። ማቆም አልቻልኩም። በአጠገባቸው ሽው ብዬ አለፍኩ። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ተራራውን ሰነጠቀው፦

"እማዬ! እማዬ! ቁሚ! እኔ ነኝ!"

አቆምኩ ማለት አይቻልም። መንገዱን ለቅቄ ጭቃ ላይ ተዘረርኩ። ልጄ ካፖርቷን እየጎተተች ሮጣ ላዬ ላይ ወደቀች።

"ምን ሆንሽ? ተጎዳሽ? ተናገሪ!" ትለኛለች። ሁሉንም በአማርኛ።

"አንቺስ?" አልኳት። "ብስክሌትሽ ወድቆ ታይቷል!"

በረዶው ሲጀምር ጉልናራ የምትባለው ይህች ሴት ከድንኳኗ ወጥታ፣ ልጄን በእጇ ጎትታ አስገብታታለች። ብስክሌቱ መንገድ ዳር የቀረው ለዚህ ነው። እኔ ስዘገይ ደግሞ አቪታል ማልቀስ ጀመረች፤ ሴትዮዋ ፈረሷን ጭና ይዛት ወጣች። እኔ እሷን ፍለጋ ስወርድ፣ እሷ እኔን ፍለጋ እየወጣች ነበር።

ጉልናራ ከፈረሷ ላይ ሆና ከነጭቃዬ አየችኝ። ባዶውን የካቴና ቦታ አየች። የመጣሁበትን ተራራ ቀና ብላ አየች። ከዚያ አውራ ጣቷን ከፍ አድርጋ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። እኛም ሳቅን። ያን ምሽት ዳቦና ትኩስ ሻይ ሰጥታ በምድጃዋ ዳር አስተኛችን። በማግሥቱ አቪታል ካቴናውን ቀጠለችው፤ ጉዟችንንም ቀጠልን።

ኦሽ ስንገባ የከተማውን ስም የያዘው ምልክት ሥር ብስክሌቴን አቁሜ እልልታዬን ለቀቅሁት። መንገደኞች ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡልን። አቪታል "ኢማ፣ ሰው እያየን ነው" አለችኝ። "ይዩና!" አልኳት። ሳቀችና አብራኝ እልል አለች።

አሁን ያንን ቀን ሳስታውስ፣ ፍርሃቱ ሩቅ ሆኖብኛል። የሚመጣብኝ ፍጥነቱ ነው፤ ነፋሱ፣ ርጥብ መንገዱ፣ የሚጮኸው ፍሬን። ሰው ሁሉ ማዶ ያደረሰኝ እናትነት ነው ይላል። እውነት ነው፣ ዳገቱን ያወጣኝ ልጄ ናት። ቁልቁለቱ ላይ ግን፣ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል እንኳ፣ ውስጤ የሆነ ነገር በደስታ ይጮህ ነበር። እሱ የኔ የራሴ ነው።