ማንም ያላረደው

አሚናት ደክሟታል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ስሟ ሲነሣ ሰው የሚያወራው ስለ እጇ ነው፤ ስለ ወጧ ነው። ድካሟን የሚያነሣ የለም። እሷም ቢሆን ለማን ትንገረው? ጎህ ሳይቀድ እሳት ታነዳለች፤ የመጨረሻው ሾፌር አፉን ጠርጎ ሲወጣ አመዱን ትጠርጋለች፤ በቃ ኑሮዋ ይኸው ነው።

በልጅነቷ ከአምባሰል የተዳረችለት ሐሰን የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መኪናው በሄደበት እሱ፣ እሱ በሄደበት እሷ። ኮምቦልቻ ሲከርሙ ለጣሊያኖች ሲቀቅል ካረጀ ወጥ ቤት ፓስታ ተማረች። ባቲ ሲሰነብቱ የአፋር ሴቶች ፍየል በጋለ ድንጋይ ሲጠብሱ ቁጭ ብላ አየች። አሰብ ሲወርዱ ደግሞ አንዲት የመናዊት ጎረቤት ዓሣ አሳየቻት፤ ከጀርባው ይሰነጠቅና ይዘረጋል፤ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን በሎሚ ተለውሶ ይቀባል፤ ከዚያ በጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይንጠለጠልና ዳር ዳሩ እስኪጠቁር ይጠበሳል። ይህንን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ሐሰን ግን አልተመለሰም፤ እዚያው ሌላ አገባ። ሰው ሲጠይቃት «ሙቀቱ ተስማማው» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

ሐይቅ ስትገባ ከደሴ ወልድያ መንገድ ዳር የቀበሌ ቤት ተከራይታ ምግብ ቤት ከፈተች። ብቻዋን ግን አይደለም፤ ከየሺሀረግ ጋር ነው። የሺሀረግ ክርስቲያን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ንጹሕ የሆነች ሴት። ቤቱ አንድ፣ ማድ ቤቱ አንድ፣ ጉልቻው ግን ሁለት ነው። በቀኝ የአሚናት፤ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ሥጋ ብቻ የሚወጣበት። በግራ የየሺሀረግ፤ በስመ አብ ተብሎ የታረደ። ለየብቻ ድስት፣ ለየብቻ ቢላ፣ ለየብቻ ጭልፋ። ሽሮውና እንጀራው የጋራ ነው። እንግዳ ገብቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በየት በኩል ይሁንልህ?» ነው።

አንድ የገበያ ቀን አሚናት ከድካሟ ብዛት በራሷ ጭልፋ የየሺሀረግን ቅቅል አማሰለችው። ያየ ሰው አልነበረም። «እረ ተይው፣ ማን ያውቃል?» የሚላቸው ሰይጣን እንኳ አልመጣም። ሁለቱ ሴቶች ተያዩና ድስቱን አንሥተው ጓሮ ለውሻ ደፉት። የእስላሙ ሼህም የክርስቲያኑ ቄስም እዚያ ቤት ዓይናቸውን ጨፍነው የሚበሉት ለዚህ ነው። አሚናት በዚህች ዓለም ላይ ያላት ሀብት ይህ ብቻ ነበር፤ እጇ ይታመናል።

ታዲያ በአብዮቱ ሰባተኛ ዓመት፣ የዓመት በዓሉ ሲቃረብ፣ አንድ ካድሬ መጣ። የዚህ አገር ሰው አይደለም፤ ደህና ጎልማሳ፣ ግን ችኩል። ሁለቱን ጉልቻ አየና ሳቀ።

«ጓዶች፣ ይሄ ምንድን ነው? ሰፊው ሕዝብ በድስት ተከፋፍሎ ይኖራል? ለመስከረም ሁለት ገበሬ ማኅበሩ አንድ ሰንጋ ይሰጣል። በአንድ ቢላ ይታረዳል፤ በአንድ ድስት ይሠራል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይበላል። ከደሴ የበላይ አካል ይመጣል። የአድሃሪ ወሬ እዚህ ያበቃል!»

«ጓድ» አለች አሚናት፣ «ቢላውን ማን ይያዝ?»

«የፈለገ ይያዝ! እምቢ ካላችሁ ደግሞ ቤቱ የቀበሌ መሆኑን አትርሱ፤ ይታሸጋል።»

እሱ ሲወጣ የሺሀረግ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። «አለቀልን፣ አሚኔ! ከታሸገ ጎዳና፣ ከሠራነው ደግሞ ሲኦል!»

 የአሚናት ሰውነት ዝሏል፤ ራሷን ግንቡ ላይ አስደገፈች። ከዚያ ቀስ ብላ «ዓሣ» አለች። «ማንም የማያርደው። ሐይቁ ውስጥ ሞልቶ የለ? ቢስሚላህም በስመ አብም ሳይባልበት ለሁላችንም የተፈቀደ።»

የሺሀረግ ብድግ አለች። «አንቺ ሴትዮ! ግን አምባዛ እንዳታመጪ፤ ቅርፊት የሌለው ለኛ አይሆንም። ባለ ቅርፊቱን ቆሮሶ ብቻ!»

አሚናት በማግስቱ ካድሬው ዘንድ ሄዳ «አንድ ምድጃ፣ አንድ ትሪ ዓሣ፣ ሁሉም አብሮ ይበላል፤ ሰንጋው ግን ይቅር» አለችው። ጥቂት አሰበና ተስማማ። ሰንጋው የት እንደገባ አላህ ይወቅ።

ግማሽ በርሜል በጭቃ ለስና እንደ አሰቡ ምድጃ አደረገችው። የበዓሉ ዕለት ገበሬው ከአምባሰል በግድ ተሰልፎ ወርዶ፣ መፈክር ሲያሰማ አርፍዶ፣ ጉሮሮው ደርቆ ደረሰ። ትሪው ሲዘረጋ ማንም እጁን አላነሣም። ደገኛ ዓሣ አያውቅማ! አንዱ «ይሄ ዓይኑን ያፈጠጠው ምንድን ነው?» አለ። ይህን ጊዜ አሚናትና የሺሀረግ እመሃል ገብተው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከአንድ ትሪ መብላት ጀመሩ። ሕዝቡ አንገቱን አስግጎ አየ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቆረሰ። ከዚያ ሌላው። ሎሚውና በርበሬው ሥራውን ሠራ፤ ሰዉ ጣቱን እየላሰ፣ እሾኹን እየተፋ፣ እየተቀላለደ በላ። ያች ሰዓት፣ ወላሂ፣ አሚናት ድካሟን ረስታ ነበር።

ከደሴ የሚጠበቁት ሰዎች የደረሱት ትሪው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ካድሬው ድምፅ ማጉያውን አነሣ። ሜዳው ሙሉ ነበር፤ ምግቡ ያልደረሰው ከበላው ይበዛል፤ የገበያው ሰውም ከዳር ቆሟል።

«ዛሬ በሐይቅ ታሪክ ተሠርቷል! እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቢላ የታረደ ሥጋ በልቷል! የሁለት ጉልቻ ዘመን አበቃ!»

አሚናት አፏ ተከፈተ። «ምን አለ? ምን አለ ይሄ ሰውዬ?» ልትነሣ ስትል የሺሀረግ ነጠላዋን ጨምድዳ ያዘቻት። «ቁጭ በይ! ከኋላው የቆሙት ጠባቂዎች ጠመንጃ አይታይሽም?» የበሉት ሰዎች መሬት መሬት አዩ። አንድ ሰው እንኳ «ዓሣ ነው የበላነው» አላለም። ማን ይላል? ያን ጊዜ ካድሬን ውሸታም ያለ ሰው የት እንደሚያድር ይታወቃል።

ወሬው ዳገቱን ከሰዎቹ ቀድሞ ወጣ። የበሉት «ዓሣ ነው» ቢሉ ማን ይመናቸው፤ ነውራቸውን የሚሸፍኑ መሰሉ። ሼሁ በመንገዱ ማዶ አለፉ። ቄሱም እንዲሁ። የግሸን ማርያም ተሳላሚዎች፣ ሌላ ዓመት ከአውቶቡስ ወርደው የየሺሀረግን ጉልቻ የሚከቡት፣ ያን መስከረም ከደጃፉ ሳይወርዱ አለፉ። አሚናት በር ላይ ቆማ አየቻቸው። ቤቱ አልታሸገም፤ ግን ማን ይግባበት? የሩቅ አገር ሾፌር ብቻ አልፎ አልፎ ጎራ ይላል። የሺሀረግ «አብሽሪ፣ ይረሳል» ትላለች፤ እሷም ግን ድምፅዋ ሰለለ።

ጥቅምት ላይ የአሚናት አባት አባ ኑርዬ ከአምባሰል ወረዱ። የቀን መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ አቧራ ለብሰው፣ በትራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። አሚናት ደስታዋ ወሰን አጣ። እግራቸውን አጠበች፤ ለሳቸው ብላ ጠቦት አሳርዳ፣ ቢስሚላህ ሲባል ቆማ ሰምታ፣ በራሷ ድስት ወጥ ሠራች። አቀረበች።

«ጠግቤ ነው የመጣሁ፣ ልጄ» አሉ።

«ከየት ጠገቡ፣ አባዬ? መንገድ ላይ ድንጋይ እንጂ ምን አለ?»

 አሚናት ፊታቸው ተንበረከከች። «አባዬ፣ ዓሣ ነበር። ወላሂ ዓሣ ነበር፤ ማንም ያላረደው። ሰውዬው ዋሸብኝ እንጂ እኔ አልነካሁም።»

«አውቃለሁ» አሉ አባ ኑርዬ። «ሐራም እንደማትነኪ እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው?»

«ታዲያ ይብሉልኛ!»

አዛውንቱ ዓይናቸውን አሹ። «ነገ ስመለስ መስጊድ በር ላይ ይጠብቁኛል። ‹ከሷ ቤት በላህ ወይ?› ይሉኛል። ልዋሽ አልችልም፤ በላሁ ብል ደግሞ ከእንግዲህ ማንም ከኔ ጋር ማዕድ አይቀርብም። እናትሽም እህቶችሽም እዚያው ነው የሚኖሩት፣ ልጄ። ምን ላድርግ?»

 ወጡ ትሪው ላይ ይተናል። የሺሀረግ ከግራው ጉልቻ ሆና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አባ ኑርዬ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱ። እናቷ ለመንገድ የጋገረችላቸው የማሽላ ቂጣ ነበር፤ ደርቋል። ለሁለት ገመሱትና ግማሹን ዘረጉላት። «ቢስሚላህ በይ» አሉ።

አሚናት ተቀብላ በላች። ጨው አንሶታል፤ አልነገረቻቸውም።