የግራ እጅጌ፣ የቀኝ እጅጌ

መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ሁለት ምሳሌ ጥቀስ» ብሎ ጽፎ ዞር ሲል፣ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ብድግ ብሎ መጀመሪያ በግራ ዓይኑ፣ ቀጥሎ በቀኝ ዓይኑ ጠቀሰው።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ አልሳቀም። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ እጁን አራገፈ፣ ሾፌሩን ትክ ብሎ አየው።

«ግማሽ ነጥብ» አለ።

«እንዴ ጋሼ! ሁለቴ አይደል እንዴ የጠቀስኩት?»

«ሁለቱም ዓይን ነው። ምሳሌ የተለያየ መሆን አለበት። ይቀመጡ።»

መቀመጡ ጊዜ ወሰደበት። ክፍሉ ጠዋት የሕፃናት ነው፤ አግዳሚዎቹ የተሠሩት ለሕፃን ጉልበት ነው። ከሥራ መልስ የሚመጡት አዋቂዎች ጎናቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰጥተው፣ እግራቸውን መተላለፊያው ላይ ዘርግተው ይማራሉ። መምህሩ በረድፎቹ መካከል የሚያልፈው እግር እየተሻገረ ነው። ግድግዳው ላይ የልጆቹ ሥዕሎች ተለጥፈዋል፤ ቤት፣ ፀሐይ፣ ከቤቱ የሚበልጥ ድመት።

ክፍሉ የራሱ ሽታ ነበረው። ሾፌሩ ናፍጣ ይሸታል፣ ዳቦ ጋጋሪው እርሾ። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና ዘይት ትሸታለች። ጠመኔው በሁሉም ላይ ይበናል። መምህሩ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሰዎች ስለዚያ ክፍል ሲጠይቁት መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንን ሽታ ነበር።

ሁሉም ትምህርታቸውን በልጅነታቸው ያቋረጡ ናቸው፤ የሚዘጋጁት ለመልቀቂያ ፈተና ነው። መምህሩን «ጋሼ ትእዛዝ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ሾፌሩ ነው። ምክንያቱም መምህሩ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መጽሐፍ አያስከፍትም። የሚያስተምረው ፈተና ላይ የሚመጡትን የትእዛዝ ቃላት ብቻ ነው፤ ዘርዝር፣ አብራራ፣ ተንትን፣ ጥቀስ፣ አነጻጽር።

ይህ ልማድ የመጣው ከወጣትነቱ ነው። ያኔ የፈተና ወረቀት አራሚ ሆኖ ሠርቷል። ሰው የሚወድቀው ባለማወቅ ነው ብሎ ወደ እርማት አዳራሽ ገባ፤ ሰው የሚወድቀው ያልተጠየቀውን በመመለስ ነው ብሎ ወጣ።

ስለዚህ ቃላቱን በእጅ ያስነካ ነበር። አንድ ደመናማ ቀን ክፍሉ ሲጨልም አምፖሉን አበራ፣ አጠፋ፣ መልሶ አበራ።

«አሁን ምን ጨመርኩ?» አለ።

«የመብራት ክፍያ» አለ ሾፌሩ።

«ምንም አልጨመርኩም። አግዳሚውም፣ ድመቱም፣ እርስዎም ቀድሞ ነበራችሁ። እንድትታዩ አደረግኩ። አብራራ ሲባል ይሄ ነው። አዲስ ዕቃ አታስገቡ፤ ያለውን አሳዩ።»

ለ«ዘርዝር» ድፍን ገንዘብ ከኪሱ አወጣና ለሾፌሩ ዘረጋለት። «ዘርዝርልኝ» አለው።

«ዝርዝር የለም። ውረድ!» አለ ሾፌሩ በአውቶቡስ ድምፁ።

ክፍሉ ከሳቁ ሲመለስ መምህሩ ቀጠለ። «ስትዘረዝሩ ድፍኑን በሳንቲም ትቀይራላችሁ። በቃ። የያንዳንዱን ሳንቲም የሕይወት ታሪክ ማንም አልጠየቃችሁም።»

«ተንትን» የሚለውን ለማስተማር ብጫቂ ጨርቅ አመጣና በመስኮቱ በኩል ለተቀመጠችው ልብስ ሰፊ ሰጣት። እሷም ዳሩን በጥፍሯ ይዛ አንድ ክር መዘዘች፣ ሌላ ደገመች፣ ጨርቁ የክር ክምር ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ይኸው ተነተንኩት። ግን ጨርቅነቱ ቀረ» አለች።

«ከምን እንደተሠራ ግን አወቁ።»

«ያንንማ ስገዛው አውቀው ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ የመምህሩ ታላቅ እህት ናት።

እህቱ እዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችው ትምህርት ናፍቋት አይደለም። በሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ ለዓመታት በጊዜያዊነት የልብስ ቅድና ስፌት ስታስተምር ቆይታለች። መመሪያ ተቀየረ፤ የመልቀቂያ ፈተና ያላለፈ ሰው በአዲሱ የትምህርት ዘመን ክፍል አይገባም ተባለ። ዳይሬክተሩ ጠርቷት በትሕትና ነገራት። «እትዬ፣ እኔ አውቅዎታለሁ። መመሪያው ግን አያውቅዎትም።» ካላለፈች የሚጠብቃት የቤቷ መስኮት ሥር ዚፕ መቀየርና ቁልፍ መትከል ነው። ከዚህ በፊት ሁለቴ ተፈትናለች፣ ሁለቴ ወድቃለች። ይሄ የመጨረሻዋ ነው።

የወደቀችበትን መምህሩ ያውቃል፤ ራሷ ነግራዋለች፣ ያውም እንደ ጀብዱ። በመጀመሪያው ፈተና «የከተማንና የገጠርን ኑሮ አነጻጽር» የሚል መጣ። «ከተማ ይሻላል። ውኃው ቅርብ ነው» ብላ ጻፈች። በሁለተኛው «የእንጨትንና የብረትን ጥቅም አነጻጽር» ተባለች። መልሷ አንድ ቃል ነበር፤ «ብረት።»

«ሁለት ነገር አይቼ የቱ እንደሚሻል ካልተናገርኩ፣ ዓይኔን ለምን አደከምኩ?» ትላለች ክፍል ውስጥ።

«አልተጠየቁማ።»

«ደንበኛ ሁለት ጨርቅ ይዞ መጥቶ እዪልኝ ሲለኝ ይሄኛውን ውሰድ ነው የምለው። ስለ ሁለቱም ንግግር ባደርግለት ጥሎኝ ነው የሚሄደው።»

«ፈታኙ ደንበኛ አይደለም።»

«ደንበኛማ ቢሆን ሥርዓት ይኖረው ነበር። ‹አነጻጽር!› ይላል እንጂ! አንተ እያለ! እኔ ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የሆንኩት?»

በዚህ ነገር የምሯን ነበር የምትቆጣው። ወረቀቱ ላይ «አብራራ» የሚለውን ባየች ቁጥር የማታውቀው ጎረምሳ መንገድ ላይ ያንጓጠጣት ይመስላት ነበር። መምህሩም ችግር ነበረበት። ታላቅ እህቱን በሰው ፊት «አንቺ» እንዳይል መምህር ነው፤ እሷን ብቻ «እርስዎ» እንዳይል ሌላው ይታዘባል። መላ ፈለገና ሁሉንም እርስዎ አለ። ሰሌዳው ላይ ፈተናው እንደሚለው «አነጻጽር» ብሎ ይጽፍና ሲያነበው «ያነጻጽሩ» ይላል። ሾፌሩ ደስታውን አልቻለውም። «በሕይወቴ እርስዎ ያለኝ ሰው የለም። ሚስቴ እንኳን ስትቆጣ ብቻ ነው» አለ።

እህቱ ግን አላመሰገነችውም። «ክፍል ውስጥ እርስዎ ትለኛለህ፣ እሑድ እሑድ መጥተህ ሸሚዝህን ታስተኩሰኛለህ» አለችው በር ላይ።

እሑድ እሑድ ይሄድ ነበር። የምትኖረው በአባታቸው ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የፊተኛው የሥራ ቦታ። የስፌት መኪናው አሁንም መስኮቱ ሥር ነው። ልጅ ሆኖ የቤት ሥራውን የሚሠራው ከዚያ መኪና ጠረጴዛ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። አምፖሉ ለስፌቱ ተብሎ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ነው፤ ከሱ ሌላ ብርሃን አልነበረም። እሷ ፔዳሉን ስትረግጥ እሱ ማባዛት ይሸመድዳል፤ ሲሳሳት ሳትዞር ታርመዋለች። ክር ሲያልቅባት እሱ ነው ቀዳዳውን ፈልጎ የሚያስገባላት። የመኪናው ድምፅ ሲቆም ቁጥሩ ይጠፋበት ነበር። ካደገ በኋላም ጸጥታ ውስጥ ማንበብ አልቻለም።

ከፈተናው በፊት በነበረው እሑድ ሲገባ የሆቴል አስተናጋጅ ነጭ ኮት ይዛ ነበር። አካሉ ተሰፍቷል፤ እጅጌዎቹ ገና ናቸው። ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ በዓይኗ ተቀመጥ አለችው።

አልተቀመጠም። ሁለቱን እጅጌዎች ከጠረጴዛው አነሳ።

«እነዚህን አነጻጽሪልኝ።»

ስፒሎቹን ከከንፈሯ አወጣች። «ዛሬ እሑድ ነው።»

«አነጻጽሪ።»

«ይሄ ግራ፣ ይሄ ቀኝ። አለቀ።»

«አላለቀም። የሚመሳሰሉት በምንድን ነው?»

ተነፈሰች፤ እንደ ሞኝ አየችው። «ከአንድ ጣቃ ነው የወጡት። ርዝመታቸው እኩል፣ የክንድ ስፋታቸው እኩል፣ የእጅ አንጓ መታጠፊያቸው እኩል።»

«የሚለያዩትስ?»

«በትከሻው ጫፍ የፊት ለፊቱ ጎን ጎድጎድ ይላል፣ የጀርባው ሞላ ይላል። የግራው በዚህ በኩል፣ የቀኙ በዚያ በኩል። ብታለዋውጣቸው አስተናጋጁ ሰሃን ባነሳ ቁጥር ኮቱ ብብቱን ያንቀዋል። ስጀምር ሰሞን ጨርቁን ሳልገለብጥ ቆርጬ ሁለት ግራ እጅጌ አውጥቼ አውቃለሁ። ትዝ ይልሃል? አንዱን ቆብ አድርገህ ሰፈሩን ዞርክበት።»

«ትዝ ይለኛል። የቱ ይሻላል ታዲያ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? እጅጌ ከእጅጌ ይበልጣል እንዴ? ያለ ግራው ቀኙ ምን ሊረባ ...»

አልጨረሰችውም። እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«አንተ» አለች። «ይሄ ነው እንዴ?»

«ይሄ ነው።»

«ይሄንን ነው በየዓመቱ የሚጠይቁኝ?»

«ይሄንኑ ነው።»

እጅጌዎቹን ከእጁ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ ጎን ለጎን አነጠፈቻቸው። በመዳፏ አስተካከለቻቸው።

«አባባ ያን ጊዜ ምን አድርጎ ነበር በለኛ?» አለች።

የትኛውን ጊዜ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። አባታቸው ዘበኛ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ መላክ በቻለበት ዓመት ሁለቱንም እዚሁ መስኮት ሥር አቁሞ አያቸው። እሷ ታላቅ ናት፣ የክፍሏም አንደኛ ነበረች። አባትየውም በመጨረሻ «አንቺ እጅ አለሽ፣ እሱ ራስ አለው» አለ። በማግስቱ ልጁ ትምህርት ቤት ሄደ፣ እሷ እስከዚያ ከትምህርት መልስ ብቻ ትሰፋበት የነበረው መኪና ላይ ከጠዋት ጀምራ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን በቤቱ አንድም ሰው አንስቶ አያውቅም።

«አላነጻጸረንም» አለች። «አወዳደረን።»

«አዎ» አለ መምህሩ።

እሷ ወደ መኪናዋ ዞረች። ክሩን በምራቋ አርጥባ ወደ መርፌው ቀዳዳ አስጠጋች፣ ሳተችው፣ ደገመች፣ ሳተችው። ከዚያ ክሩን ለእሱ ዘረጋችለት። እሱም ጎንበስ ብሎ አስገባላት።

«መልካም» አለች። «አንድ ቃል ተማርን። አሁን ከብርሃኑ ዞር በል።»

በፈተናው ቀን መምህሩ አዳራሹ መግባት አይፈቀድለትም። ከመንገዱ ማዶ ጫማ ጠጋኙ አጠገብ ቆሞ፣ የማያስፈልገውን ጫማ አስጠረገ፣ ቀጥሎ የማያስፈልገውን ተረከዝ አስመታ። ፀሐይዋ ከግንቡ ጀርባ ስትገባ በሩ ተከፈተ።

መጀመሪያ የወጣው ሾፌሩ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጮኸ።

«ጋሼ! ዕድሌ ዛሬ ነው! ምን እንደመጣ ታውቃለህ? ‹የባቡርንና የአውቶቡስን አገልግሎት አነጻጽር›! በኔ ልክ የተሰፋ!»

«ምን ጻፉ?» አለ መምህሩ፤ ድምፁ ፈራ ተባ እያለ።

«ዕድሜ ልኬን የነዳሁትን! ገጹ አልበቃኝ ብሎ ወረቀት አስጨመርኩ። ባቡርን አፈር አስበላሁት!»

መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ።

እህቱ የመጣችው ቆይታ ነው። የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ረስታ፣ ሜትሩን እንዳንጠለጠለች ተፈትናለች። መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረች።

«አንቺስ?» አላት መምህሩ። በተማሪዎቹ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ያላት ያኔ ነው።

«ደህና ነው። የሚመሳሰሉበትን ጻፍኩ፣ የሚለያዩበትን ጻፍኩ፣ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።»

ሾፌሩ ጣልቃ ገባ። «ቆይ እትዬ፣ የቱ ይሻላል አሉ ታዲያ?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች።

ሾፌሩ የራሱን መልስ አስታወሰ። ቀስ እያለ ፊቱ ተለወጠ። ወደ አዳራሹ ዞሮ አየ፤ በሩ ተዘግቷል። መምህሩ ትከሻው ላይ እጁን አሳረፈ። «በሚቀጥለው ዓመት» አለው። «አግዳሚዎ ይጠብቅዎታል።»

ሦስቱ አብረው በእግር ወረዱ። ሾፌሩ እስከ ማቆሚያው ድረስ ስለ ባቡር በጎ ነገር ይፈልግ ነበር። «ሰዓት ያከብራል» አለ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ፣ «ጎማው አይተነፍስም።»

ውጤት ሲወጣ እህቱ አለፈች። ሾፌሩ በሚቀጥለው ዓመት አለፈ። የሕፃናቱ ክፍል ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል፤ የከሰዓቱም ትምህርት ቀርቷል። መምህሩ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ እሑድ እሑድ ለእህቱ ክር ያስገባላት ነበር።

እሷ በሙያ ትምህርት ቤቱ በቋሚነት ተቀጥራ እስከ ጡረታዋ አስተማረች። የልብስ ስፌት ፈተናውን የምታወጣው ራሷ ነበረች፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ስለ እጅጌ ነው። ከእሷ በኋላ የመጡት መምህራን ጥያቄዎቹን ቀያይረዋል፤ ትእዛዙ ግን እስከ ዛሬ «ያነጻጽሩ» ይላል።