የመስኮት ፈቃድ

ሽማግሌው የቡልቡላ ጭቃ የያዘውን ጫማቸውን፣ መስጊድ እንደሚገባ ሰው፣ የፕላን ክፍሉ ደጃፍ ላይ አውልቀው ነው የሚገቡት። ጸሐፊዋ ሰልዋ ስማቸውን ባትይዘውም ግራጫ ካፖርታቸውንና ነጭ ኮፊያቸውን ከሩቅ ትለያለች። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ፕላን ተከለሰ በተባለ ቁጥር ይመጣሉ፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ ታማ የተኛችው ባለቤታቸው አልጋ አጠገብ መስኮት ማውጣት። ሰፈሩ ለአረንጓዴ ቦታ ስለተከለለ ግን ግድግዳ መንካት ክልክል ነበር።

«አባባ፣ በሌሊት አይበሱትም እንዴ?» ይሏቸዋል ባለጉዳዮቹ እየሳቁ። «እኛ ቤቱን ራሱን በጨረቃ አይደል የሠራነው!»

«እሷ አፍራሽ ትፈራለች» ይላሉ እሳቸው። «ጅዳ ያለችው ልጃችን የምትመጣ እየመሰላት የአውሮፕላን ድምፅ በሰማች ቁጥር ‹እስቲ ልየው› ትለኛለች። ግን በፈቃድ ይሁን ነው የምትለው።»

ሰኞ ዕለት አዲሱ ፕላን ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሰልዋ የሽማግሌውን ሰፈር ፈልጋ ስታገኘው ቀለሙ ቢጫ ሆኗል፤ መኖሪያ ማለት ነው። በማግስቱ ሲገቡ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ አባባ! ተፈቀደ! መስኮቱን በፈለጉት ጎን ያውጡ።»

ወረፋ የያዘው ሰው አጨበጨበ፤ አንዲት ሴትም እልል አለች። ሽማግሌው ጭብጨባው እስኪያበቃ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ከዚያ ሌላው እንዳይሰማ ወደ ሰልዋ ጠጋ አሉ።

«አላህ ያክብርሽ፣ ልጄ። እኔ እንኳ የመጣሁት ማመልከቻዬን ተይው ልልሽ ነበር። ሐሙስ ቀበርናት።»