የአቶ ስጦታው ሁለተኛ ዓይን

ተፈቀደ! እሰይ፣ ተፈቀደ! ፊርማው አረፈበት፣ ማኅተሙም ተመታበት፤ ቀለሙ እንኳ ገና አልደረቀም። ቢቸና እንዲህ ያለ የምሥራች ከሰማች ሰንብታለች። የማን ነው አትሉም?

የታሪክ መምህሯ የአየሁሽ ነው። ወደ ሞጣ ተዛወረች! ባሏ ዘመነ ሞጣ ገበያ ዳር ልብስ ይሰፋል፤ ልጃቸው ሊድያም እዚያው ከአባቷና ከአያቷ ጋር ታድጋለች። አየሁሽ ግን ሳምንቱን ቢቸና ስታስተምር ትከርምና ዓርብ ከሰዓት ሚኒባስ ላይ ተጠቅጥቃ፣ ደብረ ወርቅን አልፋ፣ አቧራዋን እንደለበሰች ሞጣ ትገባለች። እሑድ ደግሞ መመለስ ነው። ሊድያ አራት ዓመቷ ነው። ጎረቤት "እናትሽ የታለች?" ሲላት፣ "እማዬ የቅዳሜ ናት፤ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው" ብላ ትመልሳለች። ሰዉ ይስቃል። ዘመነም ስቆ ለሚስቱ በስልክ ነገራት። አየሁሽ አልሳቀችም። የዝውውር ማመልከቻዋን እንደገና ጻፈች።

ሞጣ ቦታው ክፍት ነበር። ዞኑም እሺ ብሏል። የጎደለው የዳይሬክተሩ የአቶ ስጦታው ፊርማ ብቻ ነበር። እናታቸው ምን አይተው ስጦታው እንዳሏቸው እንጃ፤ እሳቸው መስጠት አይሆንላቸውም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ክፋቱ አየሁሽን መውደዳቸው ነው! ሲያረፍድ የኖረ መምህር ዝውውር ሲጠይቅ ብዕራቸው ከእጃቸው ይቀድማል፤ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ የነበረው አምና እልል ተብሎለት ባሕር ዳር ገብቷል። አየሁሽ ስትመጣ ግን ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና ግቢውን እያዩ፣ "አንቺን የመሰለች መምህርት ለሰው ሰጥቼ እኔ ምን ልሁን? በርቺልኝ እንጂ!" ይሏታል። እሷም በርቺ ተብላ ትወጣለች።

የቤት አከራይዋ ጥሩአየሁ ሳትቀር አዝናላት፣ አየሁሽ ከተዛወረች ለሞጣ ጊዮርጊስ ጃንጥላ አገባለሁ ብላ ተስላለች። ቤቱን ለእህቷ ልጅ ስለፈለገችው ነው የሚሉ አሉ። ይሁና! ስለት ምክንያቱ አይጠየቅም።

ዘንድሮ አየሁሽ አዲስ ዘዴ አመጣች፤ ታሪክን በካርቱን ማስተማር ጀመረች። አውሮፓውያን አፍሪካን ስለመቀራመታቸው የሚተርከውን ገጽ ስታነብ ክፍሉ በሙሉ ያዛጋ ነበር። አንድ ቀን መጽሐፉን ከደነችና ጠመኔ አንስታ ባርኔጣ የደፉ ሰዎች አንድ ድፎ ዳቦ ከበው ቢላዋ ሲስሉ ሳለች። ዳቦው አፍሪካ ነው።

"ቲቸር፣ ባለዳቦው የታለ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"አልተጠራም።"

"በገዛ ዳቦው?"

ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ ወዲያ ማዛጋት ቀረ። ካርቱንን ማን ጀመረው ብለው ሲጠይቋት ደግሞ፣ "ጋዜጣ ሳይኖርም ነበረ፤ እሑድ ስታስቀድሱ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ እዩት" ብላ ላከቻቸው። ሰኞ የቄሱ ልጅ ማርያማዊት እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ደጋጎቹ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ነው የተሳሉት። ክፉዎቹ ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን ናቸው።"

"ጎበዝ! ይኸው! ሠዓሊው አፉን ሳይከፍት ሰደበ ማለት ነው!" አለችና ትምህርቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። ሁለት ዓይን ደግ፣ አንድ ዓይን ክፉ። ልጆቹም ገለበጡት።

ሐሙስ ካርቱን ማመስገንም እንደሚችል ልታሳያቸው ፈለገች። እውነቱን ለመናገር የዝውውሩም ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ትንሽ ምስጋና ማንን ገድሎ ያውቃል? አቶ ስጦታውን ትምህርት ቤቱን በሙሉ ከነባንዲራው ተሸክመው ሽቅብ ሲወጡ ሳለቻቸው። ፊት ለፊት መሳል ግን አይሆንላትም፤ አፍንጫው ድንች እየሆነ ያስቸግራታል። ስለዚህ በጎን ሳለቻቸው።

ማርያማዊት እጇን ቀስ አድርጋ አወጣች።

"ቲቸር... የዳይሬክተራችን ሌላው ዓይን የታለ?"

ጠመኔው ከእጇ ወደቀ። ዳስተሩን ለማንሳት ስትዞር ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የቢቸና ወሬ ደወል አይጠብቅም፤ እሷ ከክፍል ሳትወጣ ወሬው ቢሮ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

ስታፍ ውስጥ፣ በልጅነቱ ደብረ ወርቅ ቅኔ የቆጠረው የአማርኛ መምህር አንዷለም እንባው እስኪፈስ ስቆ ጠበቃት።

"ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ እኮ ላመሰግናቸው ነበር!" አለችው።

"አብደሻል እንዴ? ላመሰግንዎ ነበር ካልሻቸው ደስ ይላቸዋል። ደስ ካላቸው ይወዱሻል። ከወደዱሽ ደግሞ ሞጣን እርሻት!"

"ታዲያ ልዋሽ?"

"ማን ዋሺ አለሽ? እውነቱን ተናገሪ። ማብራሪያውን ተይው።"

ወዲያው ዳይሬክተሩ አስጠሯት። ገባች። አቶ ስጦታው እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀምጠዋል።

"ተሳልሁ አሉ።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ባንድ ዓይን።"

"ባንድ ዓይን።"

"ሆን ብለሽ ነው?"

አዎ ብትል ውሸት ነው። አይደለም ብትል ልጇ የቅዳሜ እናት እንዳላት ልትቀር ነው። አየሁሽ ቀና ብላ አየቻቸው። አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ ግቢውን የሚያይ አንድ ዓይን። ልክ ሰሌዳው ላይ እንዳሉት! መልሱ ያን ጊዜ መጣላት።

"ጋሼ፣ እኔ ያየሁትን ነው የሳልሁት። ዝውውር ልጠይቅዎ በመጣሁ ቁጥር ወደ መስኮቱ ይዞራሉ። ሁለተኛው ዓይንዎ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ አላውቀውም።"

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። አቶ ስጦታው ቀስ ብለው ዞሩ። ሁለቱም ዓይኖች ነበሩ። አንደኛው ትንሽ ቀላ ብሏል።

"ሞጣ ያለችው ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አራት።"

"ወረቀቱን አምጪው።"

ፈረሙ። ወረቀቱ እስኪበሳ ተጭነው ፈረሙ። አንዷለም በንዴት ነው ይላል፤ ማርያማዊት ንስሐ ነው ትላለች። አየሁሽ ወረቀቱን ጡቷ ሥር ከትታ በሩ ላይ ስትደርስ፣ "ስሚ! ከመሄድሽ በፊት ያንን ዓይን አስተካክዪልኝ" አሏት።

ክፍል ተመለሰች፤ ሥዕሉ ሳይጠፋ ሰሌዳው ላይ አለ። በጎን የተሳለ ሰው ሁለተኛ ዓይን የት ይደረግለታል? ከመጀመሪያው አጠገብ፣ እዚያው ጉንጩ ላይ ጨመረችላቸው። አቶ ስጦታው መጥተው፣ ሁለት ዓይን ባንድ ጉንጭ የተሸከመውን ሥዕላቸውን አዩት።

"በቃ" አሉ። "ጸደቅሁ።"

አየሁሽ ይኸው ጓዟን እየሸከፈች ነው። ሊድያ የሰኞም የማክሰኞም እናት ሊኖራት ነው! ግን ጥሩአየሁ... ገበያ ወጥታ እኮ ገና አልሰማችም። ጃንጥላው ሳይገዛ ገበያው ሊበተን! ኧረ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ምሥራቹን ይዤላት ልሩጥ።