የምታስለው ቀይ መኪና

ባሌ መኪናዋን የገዛው ከአብዮቱ በፊት፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ ነው። ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የስፖርት መኪና ናት። ከኋላ መቀመጫ አላት ይባላል እንጂ ከድመት በላይ የሚያስቀምጥ አይደለም። ያኔ ፒያሳ ላይ እንዲህ ያለ መኪና መንዳት ጉራ ነበር፤ ቢበዛ ያስቀናል። ደርግ ሲመጣ መኪናዋ ሳትለወጥ ትርጉሟ ተለወጠ። እኔ አምስት ኪሎ አስተማሪ፣ እሱ ሥላሴ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት የንድፍ ሠራተኛ፣ ሁለታችንም በደመወዝ የምንኖር ነን። መኪናዋን ያየ ሰው ግን ይህን ከየት ያውቃል?

ሰፈሩ ደግሞ አራዳ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። «ቀለሟ አብዮታዊ ነው፤ ልቧ ነው አድኃሪ» ይሉናል። ሰው ሲስቅ እኔም እስቃለሁ። ቤት ገብቼ ግን ማን ማን እንደሳቀ አስባለሁ።

ባሌ ይህ ሁሉ አይገባውም ነበር። ሌላው ያለውን ሲደብቅ እሱ ያለችውን ያሳምራል። ከተጋጨች መኪና የተፈታ ካርቡራተር አፈላልጎ በአሮጌው ቦታ ገጠመላት፤ ፍሬኗን አሳደሰ፤ ማርሚታዋን ቀየረ። ያ ካርቡራተር ከገባ በኋላ የሞተሩ ድምፅ ወፍራምና ለስላሳ ሆነ። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣታል። እኔ በመስኮት በኩል የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት አያለሁ፤ ከግቢያችን ፊት ለፊት ነው።

አንድ የኤምባሲ ሰው፣ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ፈረንጅ፣ ሊገዛት አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር። በአገሩ እንዲህ ያሉት መኪኖች እየተወደዱ ሄደዋል አሉ፤ በመጣ ቁጥር ዋጋውን ጨምሮ ይመጣል። እኔ ሰውዬው በር ሲያንኳኳ የእግዜር መልእክተኛ የመጣ ይመስለኛል። ባሌ ደግሞ ዋጋው ሲጨምር ኩራቱ ይጨምራል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኩት አንድ ቀን ተናድጄ።

«ዋጋው እየጨመረ ያለ ነገር የሚሸጥ ሰው ምን ይባላል?» አለኝ።

«በሰላም ወጥቶ የሚገባ ሰው ይባላል።»

ሳቀና ወደ መኪናው ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጣ። ትልቅ ሰውነት፣ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። ቆሞ ሻይ ቀመሰና ጉዳዩን ተናገረ።

«ልጄን ልድር ነው። ሙሽሮቹን በዚያች በቀይዋ መኪና ታዞርልናለህ። ቤንዚኑን አታስብ፣ ኩፖን ከእኛ።»

«በደስታ ነዋ፣ ጓድ ሊቀመንበር!» አለ ባሌ። ከልቡ ነበር፤ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ከልብ መሆኑ ነው።

ሰውዬው እንደወጣ ተቀመጥኩ። መኪናዋ መንገድ ላይ ብትቆም፣ የሊቀመንበሩን ልጅ ሠርግ በአደባባይ አዋረዱ እንባላለን፤ በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባል ቃል ነበረ፣ ለማንኛውም ነገር ይበቃል። በደንብ ብትሄድ ደግሞ ይወዳታል። የወደደውን ነገር ዝም ብሎ አይቶ እንደማያልፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይህን ለባሌ ስነግረው መጀመሪያ ተቆጣኝ። ከዚያ ወጥቶ የሞተሩን ካንዴላዎች ፈትቶ ሁለት ጊዜ አጸዳቸው።

የሠርጉ ቀን ጣሪያዋ ታጠፈ፣ አበባና ሪባን ታሰረባት። ሙሽራውና ሙሽሪት ከኋላ ወንበሯ ጫፍ ላይ ከፍ ብለው ተቀመጡ፤ ባሌ በእኛው ሠርግ የለበሰውን ልብስ ለብሶ መሪውን ያዘ። እኔ ከሚከተሉት መኪኖች በአንዱ ውስጥ ነበርኩ። እንደ ደንቡ ምኒልክ አደባባይን እየዞርን ክላክሱን አቀለጥነው። አጃቢው ይጨፍራል፣ መንገደኛው ቆሞ ያጨበጭባል። እኔ የማዳምጠው ያንን አንድ ሞተር ብቻ ነው። እንዳይጠፋ ማርያምን እለምናለሁ፤ ያንኑ ያህል ደግሞ እንዲህ ባያምር እላለሁ። አማረ። ሊቀመንበሩን ዞር ብዬ ሳየው የሚያየው ልጁን አልነበረም።

ከሠርጉ በኋላ ሊቀመንበሩ ባሌን መንገድ ላይ አስቆመው። «እንዲህ ያለች መኪና በአንድ ግለሰብ እጅ መሆኗ አይቆጭም?» አለው እየሳቀ። «ለቀበሌው ሥራ ትሆን እንደሆነ በሚመጣው ሳምንት መጥቼ እሞክራታለሁ።»

ባሌ ገብቶ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። አሁኑኑ ለፈረንጁ ሽጣት አልኩት። «አሁን ብሸጣት ከእጁ ነጥቄ የሸጥኩ ነው የሚመስለው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወደ ግቢ ወጣ፤ ኮፈኑን ሲከፍት ሰማሁ።

ያንን ካርቡራተር ፈታው። ከዕቃ ቤት አሮጌውን አምጥቶ ገጠመ። ደህናዎቹን ካንዴላዎች አውጥቶ የተቃጠሉትን አስገባ። ለማሳመር ዓመታት የፈጀበትን ለማበላሸት አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው። ሞተሩን ሲያስነሳው መኪናዋ እንደ በሽተኛ ሳለች። አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጣት አየሁት። ትሂድልን ስል የኖርኩት እኔ፣ ያን ዕለት ብትቀርለት ብዬ ተመኘሁ።

ሊቀመንበሩ መጣ። መሪውን እሱ ያዘ፣ ባሌ አጠገቡ ተቀመጠ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውን ዳገት ሲጀምሩ የሞተሩ ሳል ይሰማኛል፤ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ያ ዝምታ የቱን ያህል እንደቆየ አላውቅም። አሻጥሩ ተነቃበት፣ አሰሩት እያልኩ ነጠላዬን ስጠመዝዝ ቆየሁ። በመጨረሻ መኪናዋ ሞተሯ ጠፍቶ በቁልቁለቱ እየተንደረደረች መጣች። ሊቀመንበሩ በላብ ተጠምቆ ወረደ።

«ሰው የሚያወራላት ይቺ ናት?» አለ። «ቆርቆሮ ቀለም ቀብተህ ነው እንዴ የምታታልለን?»

«አርጅታለች፣ ጓድ ሊቀመንበር። ለሠርጉ የሄደችውም በእግዜር ቸርነት ነው» አለ ባሌ።

ሰውዬው ሱሪውን አራግፎ ሄደ። እኔ ቤት ገብቼ በእፎይታ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ሲረጋጋልኝ፣ «በል እንግዲህ መልሰህ ግጠማቸው» አልኩት።

«ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊታችን ነው» አለኝ። «ድምፅዋ ከተመለሰ ሰውዬው ይሰማታል።»

እንዲያ ሆና ቀረች። ፈረንጁ አንድ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ ዋጋውን ከበፊቱም ጨምሯል። ባሌ አስነሳለት። ሰውዬው ሳሏን አዳምጦ ባሌን በሐዘኔታ አየው፤ ካርቡራተሩ በአሮጌ ነጠላዬ ተጠቅልሎ አልጋችን ሥር እንዳለ ማን ይንገረው? ባሌ፣ «አርጅታለች» አለው። ፈረንጁም ዳግመኛ አልተመለሰም።

እሑድ እሑድ ባሌ ካርቡራተሩን ከአልጋ ሥር ያወጣል፣ በላምባ ያጥባል፣ ዘይት ቀብቶ መልሶ ይጠቀልላል። ከዚያ ወጥቶ መኪናዋን ያስነሳል። ስትስል አብሯት ጉሮሮውን ይጠርጋል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አስነስቷት አገኘሁት። በድንገት፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ያ አሮጌ ካርቡራተር ቆሻሻው ለቆት ጠራ። ሳሉ ቆመና የድሮው ወፍራም ድምፅ ግቢውን ሞላው። ባሌ እንደ ሌባ ደንግጦ ቁልፉን አዙሮ አጠፋት። ሁለታችንም ወደ ጽሕፈት ቤቱ መስኮት አየን፤ ዝግ ነው።

«ሰማሽ?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ሰማሁ።»

«ሌላ ሰው አልሰማም፣ አይደል?»

«ማንም አልሰማም» አልኩት። ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ቆመ።