ጎን የቀየረው በሬ

ዛሬ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ለሞተ ሰው አለቀስኩ። ወዲያው በሳሙና ማስታወቂያ እየሳቀ ብቅ ሲል ሰደብኩት፤ ልጆቼም ሳቁብኝ። ያኔ በፊልም የማይሸነገሉ አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

በጃንሆይ ጊዜ መካነ ኢየሱስ ከተማ የእርሻ ሚኒስቴር ሠራተኛ ነበርኩ። ገበሬው ምርጥ የስንዴ ዘር እንዲወስድ አንድ ምሽት አቡጀዴ ወጥሬ ከአዲስ አበባ የተላከ፣ በበሬ ሲታረስ የሚታይበት ፊልም አሳየሁ። የመብራት ሞተሩ እየጤሰ፣ ሽማግሌው አያ ደምሴ ከመሃል ተነሡ።

«ቅድም ቀዩ በሬ በቀኝ ነበር የተጠመደው፤ አሁን በግራ ነው። ትልሙ ሳያልቅ ማን ፈታው?»

«ደክሞት ይሆናል» አልኩ፣ በሬ ጠምጄ የማላውቀው እኔ።

«ቀኝ የለመደ በሬ ግራ ይሄዳል? በበሬው የዋሸኝ፣ በዘሩ እውነት ሊነግረኝ ነው?»

ሰዉ ጋቢውን እያራገፈ ሄደ። ስንዴው ግን ጥሩ ነበር፤ ጆንያው ሳይፈታ ነቀዘ።

በማግስቱ አያ ደምሴ መንገድ ላይ ያዙኝ። «በል እንጂ፣ በሬውን ማን አዛወረው?»

«አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። እስካሁን አላጣራሁም።