የሽንኩርት ነጋዴዋ ኮፈን

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ ውሃልክ ይለዋል። የተጋጨ መኪና ቀጥቅጦ የሚያቀና ባለሙያ ነው። ሌላው የሞተር መክደኛውን፣ የኮፈኑን ማጠፊያ ሲቀይር አንድ ሰው ኮፈኑን ይይዝለታል፣ ክፍተቱንም እያየ «ወዲህ፣ ወዲያ» ይለዋል። የኔው ግን ኮፈኑን በትከሻው ደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ብቻውን ቡሎኑን ያጠብቃል። ሲዘጋው በግራም በቀኝም እኩል ነው። «ዓይኔ እያለ ሰው ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ጉራ ነው፣ ግን የሚያምርበት ጉራ ነው።

ያገባሁትም በዚሁ ዓይኑ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በልጅነቴ በገዛ እጄ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሼ በጋራዡ በር ሳልፍ፣ ከመኪና ሥር ብቅ አለና «እህት፣ የቀሚስሽ ጫፍ በስተግራ ዝቅ ብሏል» አለኝ። አፌ እንዳመጣልኝ ሰድቤው ሄድኩ። ቤት ገብቼ በሜትር ብለካው እውነቱን ነው! በነጋታው አስተካክዬ ያንኑ ቀሚስ ለብሼ በዚያው በር አለፍኩ። የቀረውን ሰፈሩ ያውቀዋል። ከተጋባን ወዲህ ማታ ማታ መርፌዬ ውስጥ ክር የሚያስገባልኝ እሱ ነበር።

ሽንኩርቷ እስክትመጣ ድረስ።

ሽንኩርቷ የምላት ሽንኩርት ነጋዴዋን ነው። በዕድሜ ከኔ ታንሳለች፣ ሳቋ ከሩቅ ይሰማል፣ አሮጌ ፒክአፗን የምትነዳው ራሷ ናት። የፒክአፑ ኮፈን ማጠፊያው ተበልቶ፣ ሲከፍቱት ወደ አንድ ጎን ይወድቃል፣ ሲዘጉት ጎኑን ይፍቃል። ባሌ አዲስ ማጠፊያ ገጠመላት። ብዙም ሳትቆይ ተመልሳ መጣች። እንደገና ፈትቶ ገጠመ። አሁንም መጣች። ውሃልክ የነካው ኮፈን ተመልሶ መጥቶ አያውቅም እኮ! ማጠፊያ ነው ወይስ ሰበብ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔም ጠረጠርኩ።

ሰውየው ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ይገባ ጀመር። መርፌና ክር ስሰጠው «ተይው፣ እጄ ግራሶ ነው» ይለኛል፤ ያውም ታጥቦ መጥቶ። አንድ ቀን ገበያው መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥመን፣ እንደ ማያውቀኝ ሰው ጥሎኝ አለፈ። አዲስ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍቼ ፊቱ ብመላለስ፣ ብመላለስ፣ «ሬዲዮኑን ከፈት አድርጊው እስቲ» አለኝ። በቃ፣ ዓይኑ ሌላ ቤት ገብቷል አልኩ። ምግብ ሳቀርብለት ሳህኑን እንደ መወርወር አደርገዋለሁ። እሱ እቴ! ምን ሆነሽ እንኳ ሳይል አቀርቅሮ ይበላል።

ፒክአፑ ጋራዥ መቆሙን የሰማሁ ቀን ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሼ ወጣሁ። መጣላቴ ካልቀረ አምሮብኝ ልጣላ ብዬ ነው። በቆርቆሮው በር ስንጥቅ ወደ ውስጥ አየሁ። ሽንኩርቷ በአንድ እጇ ኮፈኑን ደግፋለች፣ በሌላው የባሌን እጅ ይዛለች። ይዛ ቀስ አድርጋ ወደ ማጠፊያው ትወስደዋለች። ከዚያ በኋላ እግሬ መሬት መርገጡንም እንጃ።

ገብቼ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ፊቱ ቆምኩ። እሷ እኔን ስታይ ክው አለች። ባሌ ዞረና ለሰማያዊው ቀሚስ በትሕትና አንገቱን ሰበር አደረገ።

«ደህና ዋሉ እመቤት፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ የእሷን ልጨርስና አስተናግድዎታለሁ።»

«እመቤት? ጭራሽ ታሾፍብኛለህ?»

ድምፄን ሲሰማ የያዘው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ።

«እትዬ፣ እያሾፉብዎት አይደለም» አለች ሽንኩርቷ። «ጋሼ እኮ በደንብ አይታያቸውም።»

ያን ስሰማ ያዘንኩ እንዳይመስላችሁ። ሐዘኑ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ቀናሁ፣ ከቅድሙ ይብስ ቀናሁ። እጁን መያዟስ ይሁን፤ እኔ አጠገቡ እየተኛሁ የማላውቀውን እሷ ታውቃለች!

«ለኔ ሳትነግር ለሷ?» አልኩት።

«አልነገርኳትም። ቡሎኑን በዳበሳ ስፈልግ አየችኝ።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ደግሞ እሷ ውሃልክ ብላ አላገባችኝም።»

«ዞር በይ!» አልኩና ሽንኩርቷን ገፍቼ ኮፈኑን ራሴ ያዝኩ። ለካ ከባድ ነው። ባሌ ቡሎኖቹን ላላ አደረጋቸው፣ ቀስ ብለን ዘጋነው።

«ክፍተቱስ?» አለኝ። እንደዚያ ድምፁ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም።

«በቀኝ ጣት ያስገባል፣ በግራ ጥፍርም አያስገባም።»

«ወደ ቀኝ ግፊው።»

ገፋሁ። ከፍተን አጠበቀው፣ መልሰን ዘጋነው። በግራም በቀኝም እኩል ሆነ። ሽንኩርቷ አጨበጨበች። ማን ጠየቃት?

ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ሐኪሙ «የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቶናል። እስከዚያው ጋራዥ ኮፈን የምይዘው እኔ ነኝ፤ የሽንኩርቷ ፒክአፕ ሲመጣማ ስፌቴን ጥዬ በሩጫ ነው። እሷም ስለ ሕክምናው ሰምታ «ፋሻው ሲፈታላቸው መጥቼ እጠይቃቸዋለሁ» ብላ ልካብኛለች። ትምጣ፣ ደግ ሴት ናት። ግን በር ላይ ትጠብቃለች፤ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው።

ለዚያ ቀን ሰማያዊውን ቀሚስ ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። ትናንት ጫፉን ፈታሁና፣ በስተግራ በኩል ጣት ያህል ዝቅ አድርጌ መልሼ ሰፋሁት።